ጣሳ ሙሉ ዝርዝር ሳንቲም አለኝ፤ ከየት ልጀምር?

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከኪስና ከቦርሳ የተራገፈ ዝርዝር የሞላበት ጣሳ አለኝ፤ ሁለት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አብዛኛው በየቀኑ የምንገበያይበት ነው፤ በመሃሉ ግን የተለያዩ አገሮች ሳንቲሞች ተቀላቅለዋል። ወደ ስብስብ ልለውጠው አስቤያለሁ። ሳንቲም በገንዘብ የመግዛት ሐሳብ ለጊዜው የለኝም።

ግራ ያጋቡኝ እነዚህ ናቸው፦ የትኛውን አስቀርቼ የትኛውን ወደ ገበያ ልመልስ? ጠቁረው የቆሸሹትን በሎሚ ወይም በቤኪንግ ሶዳ ማጠብ ይቻላል? በምን ላስቀምጣቸው? ደግሞ ፊደሉ ድርብ የሆነበት፣ ጠርዙ የተቆረጠ የሚመስል አለ፤ "ስሕተት ያለበት ሳንቲም ውድ ነው" ሲባል ስለምሰማ ላወጣቸው አልደፈርኩም። የምታውቁ አስረዱኝ።

እህታችሁ።

ጠርዝ_አንባቢ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ሎሚውን ወደ ጓዳ መልሺው። የማጠቡን ጉዳይ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ይመለስበታል፤ እኔ ስለ መለየቱ ልናገር።

ጠረጴዛ ላይ ወፈር ያለ ለስላሳ ጨርቅ አንጥፊ። ሳንቲም ጠንካራ ነገር ላይ ወድቆ ጠርዙ ከተጎዳ የሚመልሰው የለም። የሚያስፈልግሽ ዕቃ ጥቂት ነው፦ ከ5 እስከ 10 እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር፣ 0.01 ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛን፣ ተራ ማግኔት፣ ከጎን የምታበሪው መብራት፣ ደብተር። ሚዛኑ ለጊዜው ቢቀር ግድ የለም፤ ማግኔቱ ግን አይቅር።

መጀመሪያ በአገር፣ ከዚያ ፊቱ ላይ በተጻፈው ዋጋ ለዪ። ቀጥሎ ማግኔት። ብዙ ሰው ይህንን ይዘለዋል። አገሮች ሳንቲም የሚሠሩበትን ብረት ሲቀይሩ ብዙ ጊዜ መልኩን አይነኩትም፤ ስለዚህ ዓይን አንድ ያለውን ማግኔት ሁለት ያደርገዋል። የእንግሊዝ 1 እና 2 ፔኒ እስከ 1992 ድረስ (የውጭ ሳንቲም ዓመቶችን የምጠራው ሁሉ በእ.ኤ.አ. ነው) ነሐስ ነበሩ፤ ከዚያ መዳብ የተለበጠ ብረት ሆኑ። አሮጌው አይሳብም፣ አዲሱ ይሳባል። 1998 ላይ ደግሞ 2 ፔኒው በሁለቱም ዓይነት ታትሟል፤ የዚያን ዓመት 2 ፔኒ ያለ ማግኔት መመዝገብ ከንቱ ድካም ነው። የዩሮ 1፣ 2 እና 5 ሳንቲሞች ይሳባሉ፤ 10፣ 20 እና 50ዎቹ አይሳቡም፤ የ1 እና የ2 ዩሮ መሃላቸው ውስጥ የኒኬል ንጣፍ ስላለ መሃላቸው ብቻ በመጠኑ ይሳባል። 75 በመቶ መዳብና 25 በመቶ ኒኬል የሆነው የተለመደው ነጭ ሳንቲም አይሳብም። ንጹሕ ኒኬል ይሳባል። ብር፣ ናስና አሉሚኒየም አይሳቡም።

ማግኔት ያልፈታውን ሚዛን ይፈታዋል። የአሜሪካ 1 ሳንቲም 1982 ላይ ከመዳብ ወደ መዳብ የተለበጠ ዚንክ ተለወጠ፤ በዚያው ዓመት ሁለቱም ወጥተዋል፤ ሁለቱንም ማግኔት አይነካቸውም፤ መልካቸውም አንድ ነው። መዳቡ 3.11 ግራም፣ ዚንኩ 2.5 ግራም ነው። ልዩነቱ በእጅ አይታወቅም፤ ሚዛን ላይ ግን ጥርት ብሎ ይታያል።

ከዚያ ጠርዙን። ሳንቲሞቹን እንደ ዓምድ ደርድረሽ ከጎን እያቸው፤ ከሌሎቹ የተለየው ራሱን ያጋልጣል። የአሜሪካ 10 እና 25 ሳንቲም እስከ 1964 ድረስ 90 በመቶ ብር ስለነበሩ ጠርዛቸው አንድ ወጥ ነጭ ነው፤ ከ1965 ወዲህ ያሉት ግን በጠርዛቸው የመዳብ መስመር ይዞራል። ባለብሩ 25 ሳንቲም 6.25 ግራም ሲሆን የአሁኑ 5.67 ነው። የስዊዘርላንድ ግማሽ፣ 1 እና 2 ፍራንክም እስከ 1967 ድረስ ብር ነበሩ። እንዲህ ያለው ከዝርዝር ውስጥ አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚወጣው፤ ሲወጣ ግን በዚህ መንገድ ነው የሚያዘው።

አሁን "የትኛውን ላስቀር" ወዳልሽው። ደንብ አውጪ። ያለ ደንብ አንዱ ጣሳ ሁለት ጣሳ ይሆናል እንጂ ስብስብ አይሆንም። ለኪስ ዝርዝር በጣም የሚስማማው፣ አንድ አገርና አንድ ዋጋ መርጦ ከየዓመቱ አንዳንድ ማስቀረት ነው። የተሻለ ንጹሕ ሲገኝ የድሮው ይወጣል፣ አዲሱ ቦታውን ይይዛል፤ ስለዚህ ስብስቡ ሳይበዛ ያድጋል። ያው ተመሳሳይ ዓመት 30 ፍሬ ማጠራቀም ሳንቲም መደበቅ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዓመቱ ብቻውን የማይበቃባቸው አገሮች አሉ። የጀርመን ዩሮዎች በአምስት ከተሞች ይታተማሉ፤ ኤ በርሊን፣ ዲ ሙኒክ፣ ኤፍ ሽቱትጋርት፣ ጂ ካርልስሩኸ፣ ጄ ሃምቡርግ ነው። ስለዚህ "አንድ ዓመት" ማለት አምስት ሳንቲም ሊሆን ይችላል። ሕንድ ከዓመቱ ሥር ትንሽ ምልክት ታደርጋለች፦ አልማዝ ቅርጽ ሙምባይ፣ ኮከብ ሃይደራባድ፣ ነጥብ ኖይዳ፣ ምንም ከሌለ ኮልካታ።

ዘውድና_ጎፈር፦

ጠርዝ_አንባቢ የተናገረው ላይ ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። እኛ ከማንም በላይ ልንረዳው የሚገባ ጉዳይ ይመስለኛል፤ የራሳችን ሳንቲም ላይ ፲፱፻፷፱ ተብሎ የተጻፈውን 1969 እ.ኤ.አ. ብሎ የሚመዘግብ የውጭ ሰብሳቢ ስምንት ዓመት ገደማ ይስታል። የእኛም ሰው በሌላው ላይ ያንኑ ስሕተት ይሠራል። የታይላንድ ሳንቲም ላይ 2560 ካነበብሽ 543 ቀንሺ፤ 2017 ይሆናል። ጃፓን የምትቆጥረው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ነው፦ በሾዋ ዘመን ላይ 1925፣ በሄይሴይ ላይ 1988፣ በሬይዋ ላይ 2018 ደምሪ። ሄይሴይ 31 እና ሬይዋ 1 ሁለቱም 2019 ናቸው፤ አንዱ ዓመት በሁለት ስም ስለወጣ ሁለቱንም መያዝ ደስ ይላል። የሂጅራ ዓመት በጨረቃ የሚሄድ ስለሆነ መቀነስ ብቻ አይበቃም፤ ዓመቱን በ0.97 አባዝተሽ 622 ስትደምሪ ወደ ትክክለኛው በጣም ትጠጊያለሽ። ደብተሩ ላይ ሁልጊዜ ሳንቲሙ ላይ ያለውን እንዳለ ጻፊ፤ የተለወጠውን ከጎኑ አድርጊ።

ሁለተኛው፣ ከአንድ ዋጋ ዓመት በዓመት ከመልቀም ሌላ ለጀማሪ የሚመቸው የመታሰቢያ ሳንቲም ነው። የ2 ዩሮ መታሰቢያ የተጀመረው 2004 ላይ ነው፤ የመጀመሪያው የግሪክ የአቴንስ ኦሊምፒክ ነው። ከ2012 ወዲህ አንድ አገር በዓመት እስከ ሁለት ማውጣት ይችላል። ሁሉም አገሮች በጋራ ያወጧቸውም አሉ፦ 2007፣ 2009፣ 2012፣ 2015 እና 2022። የጀርባው ካርታ አንድ ስለሆነ ሁልጊዜ ፊቱን አገላብጠሽ እዪ። የአሜሪካ 25 ሳንቲም ላይ ደግሞ ከ1999 እስከ 2008 በየዓመቱ አምስት አምስት እየሆነ የ50ዎቹ ግዛቶች ምስል ወጥቷል፤ አሁንም በኪስ የሚዞር ስለሆነ ሳይገዙ መሙላት ከሚቻሉት አንዱ ነው።

ስለ ብርቅነት፦ የታተመው ቁጥር ማነሱ ብቻውን አይበቃም፤ የት እንደተለቀቀም ይጠየቃል። 2007 ላይ ሞናኮ ለልዕልቷ ለግሬስ ኬሊ መታሰቢያ ያወጣችው 2 ዩሮ 20,001 ፍሬ ብቻ ነው፤ ግን ለሰብሳቢ በሣጥን የተሸጠ እንጂ በገበያ የተዘራ አይደለምና ከጣሳ አይጠበቅም። የእንግሊዝ 50 ፔኒ የኪው የአትክልት ስፍራ ምስል ያለበት 2009 ላይ 210,000 ታትሞ በቀጥታ ወደ ገበያ ገባ፤ እንዲህ ያለውን ከዝርዝር መጠበቅ ይቻላል። በየቦታው "ይህ ሳንቲም ካለህ ሀብታም ነህ" የሚሉትን ማስታወቂያዎች እርሺያቸው። ሻጭ የጠራው ዋጋና ገዢ የከፈለው ዋጋ ሰማይና ምድር ናቸው፤ የምታነጻጽሪው ተሸጦ ያለቀውን ነው።

መዳብ_ጠባቂ፦

የማጠቡ ጥያቄ ለእኔ የቀረ ይመስላል።

አዲስ ሳንቲም ሲያዘነብሉት ብርሃኑ እንደ ብስክሌት ጎማ ራጅ ይዞርበታል። ያ የሚመጣው ብረቱ በማተሚያው ግፊት ሲፈስ ላዩ ላይ ከተዋቸው ረቂቅ መስመሮች ነው። ሶዳ፣ የጥርስ ሳሙና፣ አመድ፣ ሻካራ ጨርቅ ሁሉም እነዚያን መስመሮች ይፍቃሉ። ከዚያ በኋላ ሳንቲሙ ያብለጨልጫል እንጂ አያበራም፤ በመብራት ሥር ሲታይ በአንድ አቅጣጫ የተኙ ቀጫጭን ጭረቶች ይወጣሉ፤ ሰብሳቢ ሁሉ ያውቃቸዋል። ሎሚና ኮምጣጤ ደግሞ የመዳቡን ቡናማ ልብስ ያሟሙትና ተፈጥሮ የማያውቀው ሮዝ ቀለም ይተዋሉ። ያ ቡናማ ልብስ ቆሻሻ አይደለም፤ ሥሩ ያለውን መዳብ የሚከላከል ነው። መዳብ የተለበጠ ብረት ከሆነማ ይብሳል፦ ልባጡ በአንድ ቦታ ከሳሳ አሲዱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከወራት በኋላ ዝገት ይፈነዳል።

የተፈቀደው ምንድን ነው? የሚያጣብቅ ጭቃ ወይም አቧራ ካለ ማዕድኑ በወጣለት ውሃ (ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ንጹሕ ውሃ ይሆናል፤ አሲድ ያለበትን ግን አደራ) ውስጥ ለአንድ ሌሊት መዘፍዘፍ፣ ከዚያ ሳይፈትጉ ለስላሳ ጨርቅ ላይ አስቀምጦ በሌላ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጉ ማድረቅ። የፕላስተር ሙጫ፣ ቅባት ወይም ከላስቲክ የመጣ አረንጓዴ ዝልግልግ ካለበት ንጹሕ አሴቶን (ሙጫና ቅባት የሚያሟሟ ፈሳሽ)፦ በብርጭቆ ዕቃ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ከእሳት ርቆ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። ከዚያ በሁለተኛ ንጹሕ አሴቶን አለቅልቀሽ በራሱ ይድረቅ። አሴቶን ብረቱን አይበላም፣ ፕላስቲክ ዕቃን ግን ያቀልጣል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ተብሎ የሚሸጠው ሽቶና ዘይት ስለሚደባለቅበት አይሆንም። ለጥ ያለ ጥቁረት፣ ዝገት፣ ቀለሙ የተለወጠ ብር፣ እነዚህን ተዪያቸው። ንጹሕ ከፈለግሽ ሌላ ፍሬ ጠብቂ፤ ዝርዝር በየቀኑ ይመጣል።

ማስቀመጫ ላይ የሚበላሸው ከሁሉ ይበልጣል፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። የለሰለሰ፣ የሚሸት፣ ሲታጠፍ የሚመለስ ላስቲክ ብዙውን ጊዜ ፒቪሲ ነው። ጊዜ ሲቆይ የሚያለሰልሰው ኬሚካል እየወጣ ሳንቲሙ ላይ አረንጓዴ ንፍጥ ይሆናል፤ መዳብንና ብርን ይበላል። ርካሽ የሆኑ ባለኪስ አልበሞች ዋና ችግር ይሄ ነው። ፖሊፕሮፒሊን፣ ፖሊኤቲሊን ወይም ማይላር የሚል ጽሑፍ ያለበትን ላስቲክ ምረጪ። እኔ የምመክረው 5 በ5 ሴንቲሜትር የሆነውን የካርቶን መያዣ ነው፤ መሃሉ ላይ በማይላር የተሸፈነ ክብ መስኮት አለው። ሳንቲሙን ታስገቢያለሽ፣ አጥፈሽ በሦስቱ ጎን በስቴፕለር ትመቺያለሽ፣ ከዚያ የሽቦውን ጫፎች በፒንሳ ትደፈጥጫለሽ። ያን ካልደፈጠጥሽ የአንዱ መያዣ ሽቦ የጎረቤቱን መስኮት ቀድዶ ሳንቲሙን ይጭራል። የመስኮቱ ስፋት ከሳንቲሙ በ2 ሚሊሜትር ገደማ ይብለጥ። ካርቶኑ ላይ የምትጽፊው ሳንቲሙ ከመግባቱ በፊት ይሁን።

የማይሆኑት፦ ጋዜጣ፣ የጎማ ማሰሪያ (ድኝ ስላለው ብርን ያጠቁራል)፣ ያልታሸገ የእንጨት ሣጥን፣ ስኮች። እርጥበት ባለበት ቤት ሣጥኑ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ የሲሊካ ጄል ከረጢት አኑሪ፤ ሲጠግብ ስለማይሠራ በየጥቂት ወሩ ቀይሪው።

አያያዝ፦ በጠርዙ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት። የጣት ላብ አዲስ መዳብ ላይ ያተመው አሻራ ከሳምንታት በኋላ ጠቁሮ ይወጣል፣ አይለቅምም። ሳንቲሙ ላይ ጎንበስ ብሎ ማውራትም እንዲሁ፤ የምራቅ ነጠብጣብ ጥቁር ነቁጥ ይሆናል።

ጠርዝ_አንባቢ፦

በሁሉም እስማማለሁ፤ ካርቶኑን በጅምላ መምከሩ ላይ ግን አይደለም። ገና ጣሳ እየለየች ላለች ሰው እያንዳንዱን በስቴፕለር መምታት ድካም ነው። የተሻለ ፍሬ ባገኘች ቁጥር ሽቦ መንቀል አለባት፤ ሳንቲም የሚጫረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሽቦ ሲነቀል ነው። ዓመቶቹ እስኪሞሉ ትናንሽ የወረቀት ፖስታ፣ አሲድ የሌለው ከሆነ፣ ይበቃታል።

መዳብ_ጠባቂ፦

እሺ፣ ለጊዜያዊው ፖስታ ይሁን። ግን አሲድ የሌለው መሆኑ ካልተጻፈበት ተራ ፖስታ ነውና ከሁለት ወር በላይ አይቆይበት።

ድርብ_ፊደል፦

ስሕተቱን ለእኔ ተዉልኝ። አንድ ጥያቄ ሁሉን ይለያል፦ ጉድለቱ የተፈጠረው ሳንቲሙ ማተሚያው ውስጥ እያለ ነው ወይስ ከወጣ በኋላ? ከወጣ በኋላ ከሆነ ስሙ ጉዳት ነው፤ ምንም ያህል ቢያስገርም።

ምስሉን የሚመታው የብረት ማኅተም ነው። ማኅተሙ ቢሰነጠቅ ብረት ወደ ስንጥቁ ይገባል፤ ስለዚህ ሳንቲሙ ላይ ከፍ ያለ መስመር ይወጣል። ከጠርዙ ላይ ቁራጭ ቢወድቅለት እዚያ ቦታ ያበጠ ጉብታ ይሆናል። እንግዲህ ከፍ ያለ መስመር አስደሳች ነው፤ የተቦረቦረ መስመር ጭረት ነው። ፊደል የጠፋ እንደሆነ ምናልባት ማኅተሙ ውስጥ ቅባት ተጠቅጥቆ ነው፤ ይሄ ብዙ ስለሚያጋጥም ዋጋው ትንሽ ነው።

ድርብ ፊደል ሁለት ዓይነት ነው። እውነተኛው፣ ማኅተሙ ራሱ ሲሠራ ምስሉ ትንሽ ዞሮ ሁለት ጊዜ ያረፈበት ነው። እዚህ ሁለቱም ፊደሎች ክብና ሙሉ ቁመት አላቸው፣ ጫፎቻቸው ላይ ሹካ ይመስላሉ፤ ከዚያ ማኅተም የወጡት ሳንቲሞች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። የአሜሪካ 1955 ባለድርብ 1 ሳንቲም እንደዚህ ነው፤ ያለ መነጽር ይነበባል። ሐሰተኛው ማኅተሙ ከመታ በኋላ ሲንቀጠቀጥ የሚመጣ ነው፦ ከፊደሉ ጎን ዝቅ ያለ ጠፍጣፋ ደረጃ ይታያል፣ ፊደሉም ራሱ ቀጥኖ ይቀራል። ከጣሳ ከሚወጡት ድርቦች አብዛኞቹ ይሄኛው ናቸው፤ ትርፍ ዋጋ የላቸውም። ዚንክ ላይ መዳብ የተለበጠው ደግሞ ከልባጡ ሥር አየር ታምቆ አረፋ ያወጣል፤ ፊደሉን ያበጠ ያስመስለዋል፣ ግን ስሕተት ተብሎ አይቆጠርም።

ፊትና ጀርባው የተዛነፈም አለ። በእኛ አነጋገር ዘውዱን ቀጥ አድርገሽ ያዢ፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ ወደ ጎን ገልብጪ። የዩሮና የእንግሊዝ ከሆነ ጎፈሩም ቀጥ ብሎ ይመጣል። የአሜሪካ ግን ከላይ ወደ ታች ስትገለብጪው ነው ቀጥ የሚለው፤ ያ ደንቡ ነውና እንዳትደነግጪ። ከአገሩ ደንብ በጉልህ የዞረ ካገኘሽ፣ ለምሳሌ ሩብ ዙር፣ አስቀምጪው።

የማኅተሞች መደባለቅም ያጋጥማል። 2008 ላይ እንግሊዝ አዲስ ምስል ስታወጣ የ20 ፔኒው ዓመት ከጀርባ ወደ ፊት ተዛወረ፤ አንድ ዙር ግን በአሮጌው ፊትና በአዲሱ ጀርባ ተመታ፤ ስለዚህ ዓመት የሌለው ሳንቲም ወጣ። ይህን ለማግኘት መነጽርም ሚዛንም አያስፈልግም፣ ማንበብ ብቻ።

ከስሕተት የማይቆጠሩ፦ ሁለት ሳንቲም ተጣምረው በሞርሳ የተጨመቁ (የሌላው ምስል ተገልብጦ ወደ ውስጥ ተቦርቡሮ ይታያል)፣ ጠርዛቸው ወደ ውስጥ የተጠቀለለ፣ በአሲድ የሳሱ። የመጨረሻዎቹ ቀጭንና ቀላል ስለሚሆኑ ያታልላሉ፤ ፊደሎቻቸው ግን እንደቀለጠ ሰም ለስላሳ ናቸው።

ጀማሪዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ገባኝ። ጠርዙ የተቆረጠ ያልኩት ሳንቲም እንደ ጨረቃ ክብ ሆኖ ነው የጎደለው። ክብደቱ 5 ግራም መሆን ሲገባው 4.62 ነው። ከጉድለቱ ትይዩ ያለው ጠርዝ ደግሞ ደከም ያለ፣ ከፍታው የጠፋ ይመስላል። ይሄ በመቀስ ወይም በሞረድ የተቆረጠ ይሆን? ደግሞ ጓንት ልልበስ ወይስ አልልበስ?

ድርብ_ፊደል፦

ያልሽው ደካማ ጠርዝ ጥሩ ምልክት ነው። ክቦቹ የሚቆረጡት ከረጅም የብረት ንጣፍ ነው፤ ንጣፉ በበቂ ካልተገፋ መቁረጫው ቀድሞ የተቆረጠውን ቀዳዳ ይነክሳል፣ ጨረቃ መሰል ጉድለት ይቀራል። ከዚያ ጠርዙን ከፍ የሚያደርገው መሣሪያ ክቡን በሁለት ጎን ጨምቆ ሲያሽከረክረው፣ በጉድለቱ በኩል የሚገፋው ስለሌለ በትይዩው ወገንም ግፊት ያጣል። በሞረድ የሞረደ ሰው ይህን ሊሠራው አይችልም፤ ትይዩው ጠርዝ ሙሉ ሆኖ ይቀር ነበር።

ሁለት ነገር ጨምረሽ እዪ። ጉድለቱ አጠገብ ያሉት ፊደሎች ወደ ጉድለቱ ተስበው ሰፋ ካሉ እሰየው፣ ብረቱ ሲመታ ወደ ባዶው ፈሷል ማለት ነው፤ በስለት እንደተቆረጠ ቀጥ ብለው ካለቁ ግን ጥርጣሬ ነው። የጉድለቱን ውስጠኛ ጎን ደግሞ በመነጽር እዪ፦ የሞረድ መስመር ካለ ነገሩ አለቀ። ከሌለ ፊቱን፣ ጀርባውንና ጠርዙን ከጎን በሚመጣ ብርሃን ፎቶ አንሥተሽ፣ ክብደቱን ጽፈሽ ለብቻው አስቀምጪው።

መዳብ_ጠባቂ፦

ጓንቱን ተዪው። የጥጥ ጓንት ያዳልጣል፣ ስትጥዪው የሚደርሰው ጉዳት ከአሻራ ይብሳል፤ በጨርቁ የተያዘ አቧራም ይጭራል። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ በደንብ አድርቂ፣ ቅባት አትቀቢ፣ በጠርዙ ያዢ። ያን ጨረቃ የነከሰውን ደግሞ ካርቶን ውስጥ ስታስገቢ ጉድለቱን ወደ ላይኛው ጎን አዙሪው፤ በዚያ በኩል ስቴፕለር አትምቺ።